ነጻ መውጣታቸውን ማን ይንገራቸው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2024 ብሪታንያ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወንጀለኛ ሆነው ተነሥተው ንጹሕ ሆነው ተኙ፤ አብዛኞቹ ግን አላወቁም። የዚያን ዕለት የጸደቀው የፖስታ ቤት የሆራይዘን ሥርዓት ወንጀሎች ሕግ የአንድም ሰው ስም አልጠቀሰም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ፣ በእነዚህ የወንጀል ዓይነቶች፣ በፖስታ ቤት ሥራ ላይ ሳለ፣ በእነዚህ ከሳሾች ተከሶ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ሁሉ ፍርዱ ተሽሮለታል ብሎ በጅምላ ደነገገ። ማን ማን እንደሆነ አጣርቶ፣ ያለበትን ፈልጎ መንገር ለነገ የተተወ ሥራ ሆነ።

ስለ ተሳሳተ ፍርድ ሲወራ ሁላችንም የምናስበው የፍርድ ቤቱን ደጃፍ ነው፤ ካሜራው፣ ጠበቃው፣ እያለቀሰች የምታቅፍ እናት። ይሁን እንጂ ፍርዳቸው ከተሻረላቸው ብዙዎቹ ደጃፉ ላይ አልነበሩም። ቅጣታቸውን ጨርሰው ወጥተዋል፣ ቤት ለውጠዋል፣ አገር ለቀዋል፣ ሞተዋል። እነዚህን ሰዎች ፈልጎ የማግኘቱ ነገር ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እንዴት እንደተጓዘ ከአሜሪካና ከብሪታንያ ታሪክ ማየት ይቻላል። መንገዱ ወደፊት የሄደ ነው፤ ባለሥልጣን ለባለሥልጣን የሚያንሾካሹክበት ምስጢር የነበረው ዛሬ በሕግ የተጻፈ የመንግሥት ግዴታ ሆኗል። ያልተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ምሥራቹን እንዲናገር ኃላፊነቱ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለከሳሹ ለራሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1990ዎቹ እንጀምር። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ማለትም ኤፍቢአይ፣ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ የተገኘን ፀጉር በማይክሮስኮፕ አይተው «ከተከሳሹ ፀጉር አይለይም» እያሉ ለብዙ ዓመታት ምስክርነት ሰጥተዋል። ፍሬድሪክ ዋይትኸርስት የተባለ የላቦራቶሪው ሳይንቲስት በውስጥ ያለውን ብልሽት ደጋግሞ አጋለጠ። የፍትሕ ሚኒስቴር በ1996 አንድ ግብረ ኃይል አቋቁሞ መዝገቦችን ማገላበጥ ጀመረ፤ ሥራውም እስከ 2004 ቆየ። ችግር ያለበት መዝገብ ሲገኝ ግብረ ኃይሉ የሚጽፈው ለዐቃቤ ሕጉ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ለተፈረደበት ሰው ይንገር አይንገር የራሱ ፈንታ ነው። ሰውየውን ያሳሰረው ቢሮ፣ ሰውየውን ሊያስፈታ የሚችለውን ወረቀት ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቢያኖረው የሚጠይቀው የለም።

ዶናልድ ጌትስ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ1982 የተፈረደበት ሰው ነው። ስለ ፀጉሩ የመሰከረበት የኤፍቢአይ ባለሙያ በሌላ ጉዳይ ሐሰት መናገሩን የሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ በ1997 ይፋ አድርጓል። ጌትስ ይህን ሳይሰማ ወህኒ ቤት ቆይቶ በ2009 በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ወጣ። በዚያው በ1997 ቤንጃሚን ቦይል የተባለ እስረኛ ቴክሳስ ውስጥ በሞት ሲቀጣ፣ መዝገቡ እንደገና ሊታይ ከሚገባቸው አንዱ መሆኑን የነገረው አልነበረም። ዋና ተቆጣጣሪው በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ የሞት ፍርደኞችን እንኳ ለይቶ ለማውጣት ኤፍቢአይ አምስት ዓመት ገደማ እንደፈጀበት ገልጿል። የሞት ፍርደኛ አድራሻ የሚጠፋ አይደለም። እንግዲህ የዘገየበት ምክንያት አድራሻ ፍለጋ ነው ሊባል አይችልም።

ዋሽንግተን ፖስት ጉዳዩን በ2012 ከጻፈ በኋላ አዲስ ክለሳ ተጀመረ፤ በዚህኛው የተከላካይ ጠበቆች ማኅበርና ያለ ጥፋታቸው ለተፈረደባቸው የሚሟገተው ኢኖሰንስ ፕሮጀክት ገብተውበታል፤ ማስታወቂያውም ለተፈረደበት ወገን ጭምር እንዲደርስ ተደረገ። በ2015 ይፋ በሆነው የመጀመሪያ ውጤት፣ በተከሳሽ ላይ የፀጉር ምስክርነት ከተሰጠባቸው 268 የታዩ መዝገቦች 96 በመቶው ስሕተት ነበረበት። ቀድሞ ማንም ያልነገራቸው ሰዎች ምን ያህል እንደሆኑ ከዚህ ይገመታል።

የቨርጂኒያው ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ያስተዛዝባል። ሜሪ ጄን በርተን የተባለች የግዛቲቱ ላቦራቶሪ ባለሙያ በ1970ዎቹና 80ዎቹ፣ የዲኤንኤ ምርመራ ገና በማይታወቅበት ዘመን፣ ከመረመረችው ጨርቅና የጥጥ ናሙና ቁራጭ እየቆረጠች መዝገቡ ላይ በማጣበቂያ ትለጥፍ ነበር። እሷ ካለፈች በኋላ እነዚያ ቁርጥራጮች ተመርምረው ከ2001 ጀምሮ ሰዎችን አንድ በአንድ ነጻ ማውጣት ያዙ። ገዢው ማርክ ዋርነር ለሙከራ 31 መዝገቦች እንዲታዩ አዘዙ፤ ከነዚያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ንጹሕ ሆነው ተገኙ። በ2005 መጨረሻ የቀሩት መዝገቦች ሁሉ እንዲመረመሩ ትእዛዝ ወጣ። እስከዚህ ድረስ አንጀት የሚያርስ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ውጤቱን የሚቀበሉት ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ለተፈረደባቸው ሰዎች ማስረጃው መገኘቱ እንዲነገራቸው የግዛቲቱ ምክር ቤት በ2008 እስኪያዝ ድረስ ግልጽ ግዴታ ያለበት አካል አልነበረም። ከታዘዘም በኋላ ሰዎቹን የመፈለጉ ሥራ በከፊል የወደቀው ያለ ክፍያ በሚሠሩ ጠበቆች ጫንቃ ላይ ነው።

ቤኔት ባርበር በ1978 አንዲት ተማሪ ደፍሯል ተብሎ ተፈረደበት። አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር ሕመምተኛ ነበር፤ ትዳር ከያዘም ብዙ አልሆነውም ነበር። አራት ዓመት ተኩል ያህል ታስሮ በአመክሮ ወጣ፤ «ደፋሪ» የሚለው ስም ግን አልወጣለትም። በ2010 የዲኤንኤው ውጤት መጣ፤ ድርጊቱ የእሱ አልነበረም። ውጤቱን ባለሥልጣናቱ ያዙት። እሱ የሰማው በ2012 መጀመሪያ፣ ጆናታን ሼልደን የተባለ ጠበቃ በጥቂት ቀናት ፍለጋ ስልኩን አግኝቶ ሲደውልለት ነው። ሼልደን የመርማሪ ቡድን አልነበረውም፤ ማንም የሚያገኛቸውን የስልክና የአድራሻ ማውጫዎች ነው ያየው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ንጽሕናውን አረጋገጠለት። ባርበር በካንሰር ተይዞ ነበር፤ በ2013 መጀመሪያ አረፈ። ሳያውቅ ያለፈው የሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ከቀረው ዕድሜ ላይ ምን ያህሉን እንደወሰደ አንባቢ ያስላው።

«ልናገኘው አልቻልንም» የሚለው መልስ በየአገሩ ስለሚደጋገም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መንግሥት የቀረጥ ዕዳ ያለበትን፣ የልጅ ቀለብ ያልከፈለን፣ ቀጠሮ ያለፈን ሰው ለመፈለግ ስልቱ ሞልቶታል። የመጥሪያ አሰጣጥ ሕጉ ገጽ በገጽ ተጽፏል። ንጹሕ ነህ ብሎ ለመጥራት ሲሆን ግን አንድ ደብዳቤ ወደ መጨረሻው የታወቀ አድራሻ ይላካል፤ ሲመለስ መዝገቡ ይዘጋል።

ሂዩስተን ውስጥ የሆነው ይህንኑ በሰፊው ያሳያል። ፖሊስ መኪና አስቁሞ የሚያገኘውን ፍርፋሪ በሁለት ዶላር መመርመሪያ ይፈትሽ ነበር፤ ቀለሙ ከተለወጠ ዕፅ ነው ይባል ነበር። የታሰረው ሰው ዋስ የሚያስይዘው ስለሌለው በጥፋተኝነት ድርድር ጥፋቱን አምኖ፣ ጥቂት ሳምንት ታስሮ ይወጣ ነበር። ላቦራቶሪው ወረፋው ደርሶት እቃውን ሲያየው፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ፣ ዕፅ የሚባል ነገር አይገኝበትም ነበር። የሃሪስ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ይህ ክምር መኖሩን በ2014 አካባቢ ተረድቶ ፍርዶችን ማስሻር ጀመረ፤ በ2015 በመላ አሜሪካ ከተመዘገቡት 149 የነጻ መውጣት ጉዳዮች 42ቱ የዚህ አንድ ካውንቲ የዕፅ ክሶች ነበሩ። ጋዜጠኞች በ2016 አንዲት ሴት አፈላልገው ሲያገኟት፣ ቢሮው ከዓመታት በፊት የላከላት ደብዳቤ አልደረሳትም ነበር። ሥራዋንና ቤቷን አጥታ ሌላ ግዛት ውስጥ ወንጀለኛ እንደተባለች ትኖር ነበር። ጥፋቴን አምናለሁ ብላ ፈርማለችና ይግባኝ የምትልበት ነገር አለኝ ብላ አታስብም፤ ጠበቃም የላትም። እንዲህ ያለ ሰው ነገሩን የሚሰማው ካልተነገረው በስተቀር በምንም መንገድ አይደለም።

ቁጥሩ በአስር ሺዎች ሲገባ ደግሞ ማሳቹሴትስን እናገኛለን። አኒ ዱክሃን ቦስተን በሚገኘው የሂንተን ላቦራቶሪ ከ2003 እስከ 2012 ስትሠራ፣ ያልመረመረችውን መረመርኩ እያለች፣ ናሙና እያበላሸች ውጤት ስትፈርም ኖረች። ፍጥነቷ ያስመሰግናት ነበር። ነገሩ ሲፈነዳ ገዢው ዴቫል ፓትሪክ፣ ዴቪድ ማየር የተባለ ጠበቃ የተጎዱትን እንዲለይ ሾሙ፤ እሱም በ2013 ከ40,000 በላይ ስም የያዘ ዝርዝር አቀረበ። ዝርዝሩ ከተገኘ በኋላ እንኳ የዐቃቤ ሕግ ቢሮዎች ለሰዎቹ ማሳወቂያ የላኩት በ2016 ነው፤ ያውም ፍርድ ቤት ውስጥ ተሟግተው።

ያ ደብዳቤ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ከ20,000 በላይ ቅጂ ተላከ፤ በሺዎች የሚቆጠረው ተመላሽ ሆነ፤ መልስ የሰጡት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ላኪው ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። የሚለውም በአጭሩ፣ መዝገብህ እንዲከለስ ልትጠይቅ ትችላለህ ነው። አንድ የቀድሞ እስረኛ ይህን ፖስታ ከፍቶ ሲያነብ የሚታየው፣ ያለቀ የደቀቀ ነገሩ እንደገና ሊቆሰቆስበት መሆኑ ነው። ዐቃቤ ሕግ ለደህና ነገር ጽፎለት አያውቅማ! የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2017 ባሳለፈው የብሪጅማን ውሳኔ ደብዳቤው ሰውየው አውቆና ፈቅዶ እንዲወስን ለማስቻል ፈጽሞ የማይበቃ ነው አለ። ዐቃቤ ሕጎቹ እንደገና ሊከሱ የማይችሉባቸውን መዝገቦች በ90 ቀን ውስጥ እንዲዘጉ፣ ለቀሩት በቂ ማሳወቂያና ጠበቃ እንዲቀርብ አዘዘ። በኤፕሪል 2017፣ 21,587 ክሶች በአንድ ጊዜ ተሰረዙ። ከዚያ በኋላ የተሰናዳው ማሳወቂያ ክስህ ተሰርዟል ብሎ በቀጥታ የሚናገር ነበር፤ ጥያቄ ያለው ሰው የሚደውለውም ለተከላካይ ጠበቆች ቢሮ እንጂ ለከሳሹ አልነበረም።

የአምኸርስቱ ላቦራቶሪ ሶንያ ፋራክ ጉዳይ ተከትሎ መጣ፤ እሷ ደግሞ የምትመረምረውን ዕፅ ራሷ ትወስድ ነበር። በዚህም ብዙ ሺህ ክሶች በ2018 ተሰረዙ። በ2022 ለሁለቱ ላቦራቶሪዎች ተጎጂዎች የከፈሉት መቀጮና የአመክሮ ክፍያ እንዲመለስላቸው በ14 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ሲደረግ፣ የአድራሻው ጣጣ እንደገና ተነሣ። ቼክ የሚላክለት ሰው ቤቱ መታወቅ አለበት። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ያልተደከመበት ፍለጋ ለገንዘቡ ሲባል እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

ይህ ጉዳይ ለስደተኛ የተለየ ትርጉም አለው። በአሜሪካ ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በዕፅ ወንጀል ከተፈረደበት፣ ለግሉ ከያዘው ጥቂት ማሪዋና በስተቀር፣ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ግሪን ካርድ ቢኖረውም። ፍርዱ ሲሻር ለመመለስ የሚሟገትበት በር ሊከፈትለት ይችላል፤ ግን ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ድሮ አፓርታማው ነው። ቋንቋም አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የዲሲን ከባድ ወንጀሎች የሚከሰው ግን የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ፣ የከተማዋ ሕግ እዚያ ቢሮ ውስጥ አያዝም። የከተማዋን ማስታወቂያ በአማርኛ የሚጠብቅ ሰው፣ ስለ ነጻነቱ የሚጻፍለትን በእንግሊዝኛ ሊቀበል ይችላል ማለት ነው።

ወደ ብሪታንያ እንመለስ፤ ፈልጎ መንገር በሕግ አንቀጽ የሰፈረው እዚያ ነውና።

ሆራይዘን በ1999 እና 2000 በየፖስታ ቤቱ ቅርንጫፍ የተተከለ፣ ፉጂትሱ የሚያስተዳድረው የሂሳብ ኮምፒውተር ነው። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት ባለሱቆች ናቸው፤ ዳቦና ጋዜጣ እየሸጡ፣ ጡረታ እየከፈሉ፣ ቴምብር እየቸበቸቡ። ጆ ሃሚልተን በሃምፕሻየር ሳውዝ ዋርንቦሮ በምትባል መንደር እንዲህ ያለ ሱቅ ነበራት። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ 2,000 ፓውንድ ገደማ ጉድለት አሳያት። የእርዳታ ስልክ ደውላ የታዘዘችውን ስትነካካ ጉድለቱ ዓይኗ እያየ እጥፍ ሆነ። ውሉ ጉድለት ከኪስ ይሞላል ስለሚል ቤቷን አስይዛ ሞላች፤ እንደገና ጎደለ። በመጨረሻ 36,000 ፓውንድ ሰርቀሻል ተባለች፤ ከእስር ለመትረፍ በሐሰት ሂሳብ መያዝ ጥፋተኛ ነኝ አለች። የመንደሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶላት ፍርድ ቤቱን ሞልቶ ቆመላት። እንደሷ ያሉ ባለሱቆች ስልክ ሲደውሉ የሚሰጣቸው መልስ ተመሳሳይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ችግር ያለብሽ አንቺ ብቻ ነሽ።

ይህች ዓረፍተ ነገር የኋለኛውን ፍለጋ ከምንም በላይ ያከበደችው ናት። እያንዳንዱ ብቻውን ነኝ ብሎ ስላመነ፣ በሃፍረት ከመንደር ለቆ፣ ከዘመድ ተደብቆ፣ ስሙን አጥፍቶ ኖረ። መጀመሪያ የተፈላለጉት ራሳቸው ናቸው። ዌልስ ውስጥ ቅርንጫፉን በ2003 የተነጠቀው አላን ቤትስ በየቦታው ያሉትን ሲያሰባስብ ቆይቶ፣ ኮምፒውተር ዊክሊ መጽሔት በ2009 ጉዳዩን ባወጣበት ዓመት ፌኒ ኮምፕተን በምትባል መንደር አዳራሽ ተሰበሰቡ። ያን ዕለት ነው ብዙዎቹ «አንቺ ብቻ» የሚለው ውሸት መሆኑን ዓይን ለዓይን ተያይተው ያወቁት። በ2019፣ 555 ከሳሾች ሆነው ፍርድ ቤት ረቱ፤ ዳኛ ፍሬዘር ኮምፒውተሩ ጉድለት ሊፈጥር የሚችል ስሕተት እንዳለበት ወሰኑ። የይግባኝ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2021 የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ፤ ጆ ሃሚልተን አንዷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ለቀሩት ደብዳቤ መጻፍ ተጀመረ። የወንጀል ጉዳዮች ክለሳ ኮሚሽን ጻፈ፤ ፖስታ ቤቱም ጻፈ። አዎ፣ ራሱ መርምሮ፣ ራሱ ከሶ ያስፈረደባቸው ፖስታ ቤት «ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ» ብሎ ጻፈላቸው። ከ900 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ተብለው ሳለ እስከ ጃንዋሪ 2024 ፍርዳቸው የተሻረላቸው 93 ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ደብዳቤውን ሲያዩ ሌላ ወጥመድ መሰላቸው፤ ሌሎቹ የፍርድ ቤት ደጃፍ ዳግመኛ ላለማየት ምለዋል። ፍርሃታቸውም መሠረት የሌለው አልነበረም። የፖስታ ቤቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኒክ ሪድ በዚያው ወር ለፍትሕ ሚኒስትሩ በጻፉት ደብዳቤ፣ 369 የሚሆኑ ፍርደኞች ይግባኝ ቢሉ ድርጅቱ ሊቃወም እንደሚችል ገልጸዋል። በአንድ እጅ እየጠራ በሌላው በሩን የሚይዝ ቤት ማን ይገባል?

አይቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለዚሁ ጉዳይ ያቀረበው ድራማ በ2024 የመጀመሪያ ቀናት ሲታይ አገር ተቆጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሱናክ በጃንዋሪ 10 ሕግ እናወጣለን አሉ፤ ሜይ 24 ጸደቀ። የሕጉ ትልቁ ነገር ይግባኝ በሉ አለማለቱ ነው። የተፈረደበት ሰው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ሰዎቹን ለይቶ ለማወቅና ለመንገር ምክንያታዊ የሆነውን ጥረት ሁሉ የማድረግ ግዴታ የወደቀው በሚኒስትሩ ላይ ነው፤ ሰውየው ሞቶ ከሆነም ለወኪሎቹ መነገር አለበት። ደብዳቤው የሚመጣው ከፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ስኮትላንድም ከሳምንታት በኋላ የራሷን ሕግ አወጣች።

ሥራው ግን ቀላል አልሆነም። ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለው ከሴፕቴምበር 1996 እስከ 2018 መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው? ሰውየው በዚያ ቅርንጫፍ ይሠራ ነበር? ሆራይዘን በወቅቱ እዚያ ተተክሎ ነበር? የከሰሰው ማን ነው? ይህ ሁሉ አንዳንዴ ከሃያ ዓመት በላይ ካስቆጠረ ወረቀት ተለቅሞ መረጋገጥ አለበት። ከሳሹ የሥራና ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ከሆነ ሕጉ አይነካውም፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ቀድሞ አይቶ ያጸናበትም ሰው በጅምላው አልተካተተም። ካሳ ለመጠየቅ ደግሞ ወንጀሉን አልፈጸምኩም ብሎ መፈረም ግድ ነው፤ ሳይሰርቅ ሰርቄያለሁ ብሎ ለፈረመ ሰው ይህ ፊርማ ምን እንደሚመስለው የሚያውቀው እሱ ነው። የካሳው ልክ ግልጽ ነው፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮ 600,000 ፓውንድ በአንድ ጊዜ መውሰድ ወይም ጉዳቱን በዝርዝር ማስገመት ይቻላል።

አንዳንዶቹ ደግሞ ደብዳቤው ሳይደርሳቸው አልፈዋል። የሆራይዘንን ጉዳይ የሚያጣራው ኮሚሽን ሰብሳቢ ሰር ዊን ዊልያምስ በጁላይ 2025 ባወጡት የሪፖርቱ የመጀመሪያ ቅጽ፣ በዚህ ጣጣ ምክንያት ቢያንስ 13 ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተው ሊሆን እንደሚችል፣ ቢያንስ 59 ደግሞ ራሳቸውን ስለማጥፋት አስበው እንደነበር አስፍረዋል።

ሕጉ የማይደርስባቸውም አሉ። ከሆራይዘን በፊት፣ ከ1992 እስከ 1999፣ ካፕቸር የሚባል ሌላ የሂሳብ ፕሮግራም በአንዳንድ ቅርንጫፎች ይሠራ ነበር። በ2024 የታተመ ገለልተኛ ጥናት ይህም ጉድለት ፈጥሮ ሊሆን የሚችልበት ዕድል እንዳለ አረጋግጧል። የካፕቸር ፍርደኞች ግን በጅምላው ሕግ ውስጥ የሉም፤ በአሮጌው መንገድ፣ አንድ በአንድ፣ ራሳቸው አመልክተው ነው የሚሄዱት። የክለሳ ኮሚሽኑ የመጀመሪያውን የካፕቸር መዝገብ ለይግባኝ ፍርድ ቤት የመራው በ2025 ነው። ባለጉዳይዋ በ1998 ስርቆት ፈጽማለች ተብላ የተፈረደባት ሴት ናት፤ በ2003 አርፋለች፤ ማመልከቻውን የያዙት ቤተሰቦቿ ናቸው።